ሰውን የሚያስገቡና የሚያስወጡ ቃላት
(በትሮይቪል፣ ጆሃንስበርግ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር)

 የዛሬው ርእሳችን የሎጂክ መግቢያ ነው፤ መግለጫዎችና አያያዥ ቃላት የሚባለው ክፍል። ሀገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ልጆች በአንደኛው ዓመት አግኝታችሁታል፤ ፒ እና ኪው በሚሉ ፊደላት ተሰጥቷችሁ፣ ሠንጠረዥ ሞልታችሁ፣ ፈተናውን አልፋችሁ ተለያይታችሁ ይሆናል። እኔ ግን ይህ ትምህርት ከማንም ይልቅ ለስደተኛ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። የስደተኛ ኑሮ የሚወሰነው ሌላ ሰው በጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው፤ በሕግ አንቀጽ፣ በኪራይ ውል፣ በማመልከቻ ቅጽ፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ በሚጮኽ ክስ። በነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን የሚቆርጡት ደግሞ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም»፣ «ከሆነ» የሚሉት ትንንሽ ቃላት ናቸው። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

መግለጫ ማለት እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ሊባል የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አይሆንም፤ ከሁለቱም አያመልጥም። «ትሮይቪል ከጆሃንስበርግ መሃል ከተማ በስተምሥራቅ ትገኛለች» መግለጫ ነው፤ እውነትም ነው። «የ1995 የራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ኬፕታውን ላይ ተካሄደ» ብልም መግለጫ ነው፤ ጨዋታው የተካሄደው እዚሁ አጠገባችን ኤሊስ ፓርክ ስለሆነ ሐሰት ነው እንጂ። ሐሰት መሆኑ መግለጫነቱን አይነፍገውም። «ሱቁን ዘጋህ?» ግን ጥያቄ ነው፣ «ቶሎ ዝጋ!» ትእዛዝ ነው፣ «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» ምርቃት ነው። እነዚህን «እውነት ነው» ወይም «ውሸት ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው የለም።

«እሱ ወረቀት አለው» የሚለውስ? ይህ ገና መግለጫ አልሆነም። «እሱ» ማን ነው? የትኛው ወረቀት? መቼ? እነዚህ እስኪሞሉ ድረስ ዓረፍተ ነገሩ ክፍት ቦታ እንዳለው ቅጽ ነው፤ እውነትም ሐሰትም ልንለው አንችልም። በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ወሬ ልብ በሉ። «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ወረቀት አያድሱም» ይላል። የሚያድሰው የትኛው ቢሮ ነው? የማንን ወረቀት? «የሚቀጥለው ሳምንት» የሚለውስ መልእክቱ መጀመሪያ ከተጻፈበት ቀን ነው የሚቆጠረው፣ እኛ ዘንድ ከደረሰበት? ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ብዙ ጊዜ ገና መግለጫ እንኳ ባልሆነ ዓረፍተ ነገር ነው።

እውነት መሆንና እውነትነቱ መታወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም፤ ኤሊኖር ጎዳና እዚሁ ሰፈራችን ነው። እዚያ ይኖር የነበረው ዴቪድ ዌብስተር በዊትስ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አንትሮፖሎጂ መምህር ነበር፤ በአፓርታይድ ዘመን ያለ ፍርድ የሚታሰሩትን ሰዎች ጉዳይ እየተከታተለ ይመዘግብ ነበር። ሜይ 1 ቀን 1989 ከቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ ለዓመታት አልታወቀም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተደረገው የፍርድ ቤት ምርመራም በማንም ላይ ቁርጥ ያለ ነገር ሳይል አበቃ። በ1998 ግን ፌርዲ ባርናርድ የተባለው፣ የአገሪቱ መከላከያ ስውር ክፍል ባልደረባ የነበረ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘና ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። «ዌብስተርን የገደለው ባርናርድ ነው» የሚለው መግለጫ እውነት የሆነው መቼ ነው? በ1998 አይደለም። ጥይቱ በተተኮሰባት ቅጽበት እውነት ነበር፤ በነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ አንድም ቀን ሐሰት ሆኖ አያውቅም፤ ያልተረጋገጠ ብቻ ነበር። ዛሬ በስሙ በተሰየመው የትሮይቪል ፓርክ ልጆቻችሁን ስታጫውቱ ይህን ብታስታውሱ እወዳለሁ። «አልተረጋገጠም» እና «ሐሰት ነው» አንድ አይደሉም። የጥገኝነት ጠያቂን ታሪክ ማስረጃ አጠረው ብሎ መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ዋሽቷል ማለት ሌላ ነው። ሁለተኛው ራሱን የቻለ መግለጫ ስለሆነ የራሱን ማስረጃ ይፈልጋል።

መግለጫ ጥርት ብሎ መነገር እንዳለበት አባቶቻችን አጥብቀው ያውቁ ነበር። በበልሃ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ውርርድ ተወራርደው፣ በተጠየቅ ሲፋጠጡ አንዱ የሌላውን ቃል ይይዝ ነበር፤ የተናጋሪው ቃል ተድበስብሶ እንዳያልፍ ጠያቂው ይጨመድደዋል። 

ወደ አያያዦቹ እንለፍ። አያያዥ ሁለት መግለጫ ወስዶ አንድ አዲስ መግለጫ ያወጣል፤ «አይደለም» ብቻ አንዱን ወስዶ ይገለብጠዋል። የአዲሱ መግለጫ እውነትና ሐሰትነት የሚታወቀው ከክፍሎቹ እውነትና ሐሰትነት ነው። ሁለት መግለጫዎች ካሉ የሚያጋጥሙት ሁኔታዎች አራት ናቸው፦ ሁለቱም እውነት፣ የመጀመሪያው ብቻ እውነት፣ ሁለተኛው ብቻ እውነት፣ ሁለቱም ሐሰት። ሠንጠረዥ ሲባል የሰማችሁት ይህን ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁሉ እንደ ሒሳብ ስሌት አድርጎ ጻፈው፤ በኪሳችን ያለው ስልክም የሚሠራው በዚያው ስሌት ነው።

«እና» ጨካኝ ነው። እውነት የሚሆነው ሁለቱም ክፍሎቹ እውነት ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ከአራቱ ሁኔታዎች ሦስቱን ይጥላል። ስለዚህ በሕግ ውስጥ አንድ «እና» በተጨመረ ቁጥር በሩ ይጠባል። ትልቁን ምሳሌ ልስጣችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ስምምነት በ1951 ጄኔቫ ላይ ሲጻፍ፣ ስደተኛ የሚባለው ሰው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት እንዳይሳደድ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት አድሮበት ከአገሩ ውጭ ያለ ሰው ነው ይል ነበር። ከዚህ ፊት ግን ሌላ ቅድመ ሁኔታ በ«እና» ተሰክቶ ነበር፤ ነገሩ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1951 በፊት በደረሱ ክስተቶች የመጣ መሆን ነበረበት። ይባስ ብሎ፣ ፈራሚ አገሮች «በአውሮፓ የደረሱ ክስተቶች» የሚለውን ወይም «በአውሮፓ ወይም በሌላ ቦታ የደረሱ ክስተቶች» የሚለውን እንዲመርጡ ተፈቅዶላቸው ነበር።

እንግዲህ በቀይ ሽብር ዘመን ከአዲስ አበባ ሸሽቶ ሱዳን የገባ ወጣት በዚያ ትርጉም ቢለካ ምን ይሆናል? ፍርሃቱ እውነት ነው፤ በሩ ላይ ሬሳ አይቷል። የቀኑ ቅድመ ሁኔታ ግን ሐሰት ነው። አንዱ ክፍል ሐሰት ሆነ፤ «እና» ደግሞ ለአንዱ ሐሰት ምሕረት የለውም፤ ሙሉው መግለጫ ወደቀ። ደግነቱ በ1967 የወጣው ፕሮቶኮል ያንን የቀን ገደብ ሠረዘው። ስለ ፍርሃት የሚናገረው ክፍል አንድም ቃል ሳይነካ፣ አንድ «እና» ከነጭራው ተነቀለና ዓለም በሙሉ የሚገባበት በር ሆነ። የሕግ ለውጥ ሲባል አዲስ ነገር መጨመር ብቻ ለሚመስላቸው ይህን አሳዩልኝ።

«ወይም» በተቃራኒው ቸር ነው። ሐሰት የሚሆነው ሁሉም ክፍሎቹ ሐሰት ሲሆኑ ብቻ ነው። በተጨመረ ቁጥር በሩን ያሰፋል። ከፕሮቶኮሉ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1969፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች በአዲስ አበባ የራሳቸውን የስደተኞች ስምምነት አጸደቁ። ቀኑን በእኛ ስትቆጥሩት ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። መሪዎቹ የ1951ን ትርጉም እንዳለ ተቀብለው አንድ ክንፍ ጨመሩበት፤ በውጭ ወረራ፣ በባዕድ ኃይል መያዝ፣ በባዕድ አገዛዝ፣ ወይም በአገሩ በከፊል ወይም በሙሉ ሕዝባዊ ሰላምን ክፉኛ ባናጋ ሁኔታ ምክንያት መኖሪያውን ለቆ እንዲሰደድ የተገደደ ሰውም ስደተኛ ነው አሉ። በመጀመሪያው ክንፍ ሰውየው ራሱ መሳደድን እፈራለሁ ማለት ነበረበት፤ በሁለተኛው ግን መንደሩ የጦርነት ሜዳ መሆኑ ይበቃል።

የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ፣ የ1998ቱ ቁጥር 130፣ አንቀጽ 3 ላይ ይህንኑ ወርሷል። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የሴክሽን 22ን እና የሴክሽን 24ን ስም ነው፤ የጥገኝነት ጠያቂውና የስደተኛው ወረቀት የሚጠሩበት ስለሆነ። የሁለቱም ሥር ግን አንቀጽ 3 ነው። እዚያ ሦስት መንገድ ተዘርዝሯል፤ አንደኛው የ1951ዱ የመሳደድ ፍርሃት፣ ሁለተኛው የአዲስ አበባው ክንፍ፣ ሦስተኛው በነዚህ መንገዶች የሚገባ ሰው የትዳር ጓደኛ ወይም ጥገኛ መሆን። በመካከላቸው ያለው አያያዥ «ወይም» ነው። አዲስ አበባ ላይ በአዲስ ዓመት ዋዜማ የተጨመረ አንድ «ወይም» ዛሬ ጆሃንስበርግ ላይ ሰውን ያስጠልላል፤ ይህን ሳስብ ኩራት ይሰማኛል።

ከዚህ የሚገኘውን ጥቅም በደንብ ያዙልኝ። ዝርዝሩ በ«ወይም» ከተያያዘ አመልካቹ ሦስቱንም ማሳየት የለበትም፤ አንዱ ይበቃዋል። «በግሌ ማን አሳደደህ?» ተብሎ የተጠየቀና መልስ ያጣ ሰው ጉዳዩ አላበቃም፤ ሁለተኛው ክንፍ ገና አልተነካም። አሁን «አይደለም»ን አምጡና በዝርዝሩ ፊት አቁሙት። «ሀ ወይም ለ ወይም ሐ» የሚለውን ሐሰት ለማድረግ ሀም አይደለም፣ ለም አይደለም፣ ሐም አይደለም ማለት ያስፈልጋል፤ «ወይም» ሲገለበጥ «እና» ይሆናል። ይህን ሕግ በስሙ የሚያስጠራው ሕንድ አገር የተወለደው እንግሊዛዊ ሒሳበኛ ኦገስተስ ደ ሞርጋን ነው። ስለዚህ ማመልከቻን በአንቀጽ 3 ውድቅ የሚያደርግ ውሳኔ ሦስቱንም መንገድ አንድ በአንድ መዝጋት አለበት። አንዱን ብቻ ዘግቶ «አትበቃም» የሚል ውሳኔ ሎጂኩ ጎዶሎ ነው፤ ይግባኝ ስትሉ ጠበቃችሁ መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ነው። ሕጉ በአንቀጽ 4 መጠለያ የማይገባቸውን ሰዎች ለይቶ እንደሚያስቀርም ሳልናገር ባልፍ ግን ግማሽ እውነት ብቻ ነግሬአችሁ እሄዳለሁ።

«ወይም» ሁለቱንም ይፈቅዳል ወይስ አንዱን ብቻ? «ሻይ ወይም ቡና» የሚል አስተናጋጅ አንዱን ምረጡ ማለቱ ነው። በሎጂክና በሕግ ግን፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ሁለቱም እውነት ቢሆኑ «ወይም» አይፈርስም። በ1930 የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፣ አገር ውስጥም ይወለድ ውጭ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር። አባታቸውም እናታቸውም ኢትዮጵያዊ የሆኑትን ሊያስወጣ ነበር እንዴ? አይደለም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ጥርጣሬውን አጥፍቶ፣ ሁለቱም ወላጆቹ ወይም አንደኛቸው በሚል መንፈስ አስቀምጦታል። እናቷ ከሆሳዕና፣ አባቷ ከዚምባብዌ ሆነው እዚህ የተወለደች ልጅ በዚያ «ወይም» ኢትዮጵያዊት ናት። በሰርግና በለቅሶ «ግማሽ» እያላችሁ የምትጠሯት ሰዎች ይህን አስቡበት፤ ሕጉ ግማሽ የሚል ቃል የለውም።

ስለ «አይደለም» አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛችን «ሁሉም አልከፈሉም» ስንል ሁለት ነገር ይሰማል። አንዱ፣ አንድም የከፈለ የለም ነው። ሌላው፣ የከፈሉም ያልከፈሉም አሉ ነው። በዕቁብ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ስንት ጠብ እንዳስነሣ እናንተ ታውቃላችሁ። «ሁሉም ከፍለዋል» ለሚለው ትክክለኛው ተቃራኒ «ቢያንስ አንድ ያልከፈለ አለ» ነው፤ ከዚያ አንድም አያልፍም። ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ እንዲህ አድርጎ ቢጽፈው ክርክሩ ይቀራል።

ከ«እና» ጎን የሚሰለፍ ሌላ ቃል አለ፤ «ግን»። በሎጂክ ሚዛን «ግን» ከ«እና» ምንም ልዩነት የለውም። «ስደተኛ ነው ግን ሐቀኛ ነው» እና «ስደተኛ ነው፣ ሐቀኛም ነው» እውነት የሚሆኑት በአንድ ዓይነት ሁኔታ ነው። ታዲያ «ግን» የጨመረው ምንድን ነው? ተናጋሪው ስደተኛ ሐቀኛ እንደማይሆን አስቀድሞ ይጠብቅ እንደነበር ነው። ስለ ሰውየው የተነገረ ሳይሆን ስለ ተናጋሪው የተገለጠ ነገር ነው። ጎረቤቶቻችን እንዲህ ሲሉን እንሰማለን፣ ያመናልም። እኛስ ስለነሱ ስናወራ፣ ከሌላ ክልል ስለመጣው ወገናችን ስናወራ «ግን»ን የት ነው የምናስገባው?

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን፤ ወደ «ከሆነ»። «ሀ ከሆነ ለ ይሆናል» የሚለው መግለጫ ሐሰት የሚሆነው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ሀ ሆኖ ለ ሲቀር። ሀ ካልሆነ መግለጫው ስለ ለ ምንም አልተናገረም። ይህ ብዙ ሰውን ያስቸግራል፤ በኪራይ ውል እንየው። «በወሩ መጀመሪያ ካልከፈልክ ክፍሉን ትለቃለህ» የሚል ተጻፈ እንበል። ተከራዩ ይህን ሲያነብ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ከከፈልኩ አልለቅም» የሚል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን ይህን አላለም። ሌላ የሚያስለቅቅ ምክንያት ገጹን ስትገልጡ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። «ከከፈልኩ አልለቅም» ማለት የሚቻለው ውሉ «ባለመክፈል ብቻ» ካለ ነው። በነገራችን ላይ የዚህ አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመኖሪያ ቤቱ እንዳይባረር ይከለክላል፤ ስለዚህ የባለቤቱ «ከሆነ» ቢሟላ እንኳ ዕቃችሁን መንገድ ላይ የመወርወር መብት አይሰጠውም።

የ«ከሆነ» መግለጫ ሁለት ዘመዶች አሉት። «ሀ ከሆነ ለ» ካልን «ለ ካልሆነ ሀም አይደለም» ማለት እንችላለን፤ ይህኛው እኩል ነው። «ለ ከሆነ ሀ ነው» ማለት ግን አንችልም፤ ይህኛው ግልባጭ ነው፣ ራሱን ችሎ መረጋገጥ አለበት። የሴክሽን 24 ወረቀት የያዘ ሰው በዚህ አገር የመቆየት መብት አለው፤ ያ መብት ያለው ሁሉ ግን የሴክሽን 24 ወረቀት የያዘ ነው ማለት አይደለም፤ ዜጋውስ፣ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያለውስ?

የ«ከሆነ» ክርክር ነፍስ ያጠፋበትን ቀን እናስታውስ። ሜይ 11 ቀን 2008 አሌክሳንድራ ውስጥ በውጭ ዜጎች ላይ የተጀመረው ጥቃት ወደ ሌሎች ሰፈሮችና ከተሞች ተዛመተ። አጥቂዎቹ ሰው አስቁመው ክርን በዙሉኛ ምን እንደሚባል ይጠይቁ ነበር፤ መልሱ «ኢንዶሎልዋኔ» ነው። ያላወቀ እንደ ባዕድ ይቆጠር ነበር። ክርክራቸውን እንደ ሎጂክ ብናስቀምጠው እንዲህ ይላል፦ ሰውየው ደቡብ አፍሪካዊ ከሆነ ቃሉን ያውቃል፤ ይህ ሰው ቃሉን አያውቅም፤ ስለዚህ ደቡብ አፍሪካዊ አይደለም። ቅርጹ ትክክል ነው። አሁን «ለ ካልሆነ ሀም አይደለም» ያልኳችሁ ራሱ ነው። ለዚህም ነው ጆሮ ላይ አሳማኝ የሚመስለው። የተበላሸው መነሻው ነው። በዚያን ጊዜ 11 ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ባሉት አገር፣ ሰው ደቡብ አፍሪካዊ ከሆነ ያንን የዙሉ ቃል ያውቃል የሚለው መግለጫ ሐሰት ነው። ቬንዳ፣ ጾንጋ፣ ፔዲ ተናጋሪው አገሬው የራሱ ቃል አለው። በዚያ ወር 62 ሰዎች ተገደሉ፤ ከነሱ ውስጥ 21ዱ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። «ሀ ሆኖ ለ ሲቀር» ብዬ በሠንጠረዥ የነገርኳችሁ ያች አንዲት መስመር እዚህ ላይ ይህች ናት፤ አገሬው ሆኖ ቃሉን የማያውቅ ሰው።

የቀሩትስ? ስለ ብዙዎቹ የፈተናው መልስ ልክ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። እዚህ ላይ ነው ሳይነገር የተደበቀውን ሌላ «ከሆነ» ማውጣት ያለብን፤ «ባዕድ ከሆነ መመታት ይገባዋል» የሚለውን። ጮክ ብሎ የተናገረው ላይኖር ይችላል፤ ያለሱ ግን ከጥያቄው ወደ ዱላው የሚያሻግር ምንም ድልድይ የለም። በክርክር ውስጥ ያልተነገረውን መነሻ ፈልጎ ማውጣት ከሠንጠረዥ ሁሉ የሚበልጥ ችሎታ ነው፤ ልጆቻችሁን ከሁሉ በፊት ይህን አስተምሯቸው።

የደቡብ አፍሪካን የ1996 ሕገ መንግሥት በዚህ ዓይን አንብቡት። አንዳንዱ መብት «ከሆነ» አለበት። አንቀጽ 19 የምርጫ መብትን ለዜጋ ይሰጣል፤ አንቀጽ 22 ሥራና ንግድ የመምረጥን መብት ለዜጋ ይሰጣል። ያ ቅድመ ሁኔታ መኖሩን ማወቅና ከዚያ መነሣት ይሻላል እንጂ የለም ብሎ መከራከር አይጠቅመንም። አንቀጽ 10 ስለ ክብር፣ አንቀጽ 11 ስለ ሕይወት ሲናገሩ ግን «ማንኛውም ሰው» ይላሉ። አንቀጽ 27 ንኡስ አንቀጽ 3 ደግሞ ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዳይከለከል ያዛል። ምጥ የያዛት እህታችሁን ይዛችሁ ሆስፒታል በር ላይ ስትደርሱ «መጀመሪያ ወረቀት» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ በእርጋታ ይህንን ንኡስ አንቀጽ በቁጥሩ ጥቀሱለትና በውስጡ «ከሆነ» የሚለውን ቃል እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።